ጥያቄና መልስ፦ ለቤት ኢንተርኔት የሚሆን የኬብል ሞደም እንዴት ይመረጣል?

ለዚህ እትም ከደረሱን ደብዳቤዎች አብዛኞቹ የሚያነሡት አንድ ዕቃ ነው፤ ይኸውም በኬብል ቴሌቪዥን መስመር የሚመጣውን ኢንተርኔት ተቀብሎ ለቤት ውስጥ መሣሪያዎች የሚያደርሰው ሞደም ነው። ተመሳሳይ ጥያቄዎችን በአንድ ላይ አጠቃለን፣ ሰፋ ያለ ማብራሪያ የሚሹትን ግን ሳናሳጥር መልሰናል። የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ የኢንተርኔት አገልግሎት የሚሰጠኝ ድርጅት ሞደሙን ያቀረበልኝ በየወሩ ኪራይ እያስከፈለ ነው። የራሴን ልግዛ ብዬ ስጠይቅ አንዱ ካርቶን «8 በ4»፣ ሌላው «24 በ8»፣ ሌላው ደግሞ «ዶክሲስ 3.1» ይላል። ሻጩ ቁጥሩ ከፍ ያለውን ውሰድ ይለኛል። ቁጥሮቹ ምን ማለት ናቸው? የያዝኩት ውል የ200 ሜጋቢት ነው።

መልስ፦ ጠያቂያችን፣ ከቁጥሮቹ በፊት መታየት ያለበት ነገር ስላለ ከእሱ ብንጀምር ይሻላል። የኬብል ሞደም ገዝተው ስለሰኩት ብቻ የሚሠራ ዕቃ አይደለም። በተበራ ቁጥር በኬብሉ በኩል ከአገልግሎት ሰጪው ዋና መሣሪያ ጋር ይገናኝና ማክ አድራሻ የሚባለውን መለያውን ያሳውቃል፤ ድርጅቱም መለያውን ከደንበኞቹ መዝገብ ጋር አመሳክሮ የውሉን ፍጥነት የሚወስን የቅንብር ፋይል ይልክለታል። መለያው በመዝገቡ ከሌለ፣ ወይም ድርጅቱ ያንን የሞደም ዓይነት የማይቀበል ከሆነ፣ ዕቃው ምንም ያህል ዘመናዊ ቢሆን ኢንተርኔት አያገኙም። ስለዚህ ሱቅ ከመግባትዎ በፊት ድርጅቱ በመስመሩ ላይ እንዲሠሩ የፈቀዳቸውን ሞደሞች ዝርዝር ይጠይቁ። ዝርዝሩ ብዙውን ጊዜ እያንዳንዱ ሞደም እስከ ስንት ሜጋቢት ለሚደርስ ውል እንደተፈቀደ ጭምር ያመለክታል። የሞዴሉን ስም ሲያመሳክሩ እስከ መጨረሻዋ ፊደልና ቁጥር ድረስ ይሂዱ፤ በአንድ ፊደል ብቻ ከሚለያዩ ሁለት ሞዴሎች አንዱ የተፈቀደ፣ ሌላው ያልተፈቀደ ሊሆን ይችላል። ድርጅቱ የደንበኛን ሞደም ጨርሶ የማይቀበል ከሆነ ደግሞ ጉዳዩ እዚያው ያበቃል።

ወደ ቁጥሮቹ እንለፍ። ዶክሲስ በኬብል መስመር ላይ ኢንተርኔት የሚተላለፍበትን ሥርዓት የሚደነግግ የጋራ መመዘኛ ሲሆን፣ የሚያወጣውም ኬብልላብስ የተባለው የኬብል ድርጅቶች የምርምር ተቋም ነው። የመጀመሪያው መመዘኛ በ1997 ወጣ፤ አሁን በየሱቁ የሚያገኟቸው ሞደሞች ግን በአብዛኛው የሚከተሉት በ2006 የወጣውን 3.0 ወይም በ2013 የወጣውን 3.1 ነው። «8 በ4» ወይም «24 በ8» የሚለው አገላለጽ የ3.0 ሞደም በአንድ ጊዜ አጣምሮ ሊጠቀምባቸው የሚችላቸውን ቻናሎች ይነግረናል፤ የፊተኛው ቁጥር መረጃ ወደ ቤት የሚገባባቸውን፣ የኋለኛው ከቤት የሚወጣባቸውን። ባለ6 ሜጋኸርዝ ቻናል በሚጠቀም መስመር አንድ የመግቢያ ቻናል በሰከንድ ወደ 43 ሜጋቢት ይሸከማል፤ ከዚህ ላይ ለስሕተት ማረሚያና ለመሳሰለው የሚውለው ሲቀነስ ለተጠቃሚው የሚተርፈው 38 ገደማ ነው። በአውሮፓ የተለመደው ቻናል 8 ሜጋኸርዝ ስፋት ስላለው ወደ 50 ይጠጋል። በካርቶኖች ላይ ለባለ8 ቻናሉ 343፣ ለባለ16ቱ 686 ሜጋቢት ተብሎ የሚጻፈው ከተቀናሹ በፊት ያለው ድምር ነው። ቁጥሩ ሐሰት ባይሆንም፣ ቻናሎቹን ብቻዎን የያዙ ቢሆን ኖሮ እንኳ በቤትዎ የማያዩት ቁጥር ነው።

ብቻዎን ደግሞ አይዙትም። የኬብል መስመር በአካባቢው ያሉ ብዙ ቤቶች የሚጋሩት ነውና ምሽት ላይ ሁሉም ቪዲዮ ሲከፍት ቻናሎቹ ይጨናነቃሉ። የቻናል ብዛት እውነተኛ ጥቅሙ የሚታየውም እዚህ ላይ ነው። ብዙ ቻናል ማጣመር የሚችል ሞደም አንዱ ቻናል ሲሞላ በሌሎቹ ስለሚቀበል የምሽቱ ፍጥነት ያን ያህል አይዋዥቅም። ከውልዎ በላይ ፍጥነት ግን አያመጣም፤ የ200 ሜጋቢት ውል የያዘ ሰው የ1000 ሜጋቢት ሞደም ቢገዛ የሚያገኘው ያንኑ 200 ነው፤ ገደቡን የሚጥለው ከላይ የጠቀስነው የቅንብር ፋይል ነውና።

እንግዲህ ለእርስዎ ውል በስሌት ደረጃ ባለ8 ቻናሉ ይበቃል፤ ነገር ግን አዲስ ለሚገዛ ሰው አንመክረውም። ድርጅትዎ ፈቅዶት ከተገኘ የ3.1 ሞደም ይግዙ የምንለው ለፍጥነት ሲባል አይደለም። አገልግሎት ሰጪዎች በኬብሉ ውስጥ ያለውን የድግግሞሽ ቦታ ቀስ በቀስ ከአሮጌዎቹ ጠባብ ቻናሎች ወስደው እስከ 192 ሜጋኸርዝ ለሚሰፉት የ3.1 ቻናሎች እያዋሉት ነው። የ3.0 ሞደም እነዚህን አዲሶቹን ቻናሎች ማንበብ ስለማይችል፣ በቀሩት ጠባብ ቻናሎች ላይ ከሌሎች አሮጌ ሞደሞች ጋር ሲጋፋ ይኖራል። የ3.1 ሞደም ግን ሁለቱንም ይጠቀማል፤ ብዙዎቹ ሞዴሎች 32 የድሮ ቻናሎችንም ያጣምራሉ። የሁለቱ የዋጋ ልዩነት በኪስዎ ላይ የሚከብድ ከሆነና ውልዎን ለማሳደግ ካላሰቡ፣ በዝርዝሩ ላይ ያለ ባለ24 ወይም ባለ32 ቻናል የ3.0 ሞደም ለጥቂት ዓመታት ያገለግልዎታል። ባለ8 እና ባለ16 ሞደሞች ግን ርካሽ መስለው ቢቀርቡም በቅርቡ ከዝርዝሩ ሊወጡ የሚችሉ ስለሆኑ ቢተዋቸው ይመረጣል።

ስለ ኪራዩ፣ የሞደሙን ዋጋ ለወርኃዊ ኪራዩ ያካፍሉና የሚመጣውን የወር ብዛት በዚያ ቤት ይቆያሉ ብለው ከሚያስቡት ጊዜ ጋር ያነጻጽሩ። ኪራዩ ውስጥ የሚታለፍ አንድ ጥቅም አለ፤ የተከራዩት ሞደም ሲበላሽ የሚተካው ድርጅቱ ነው፣ የራስዎ ሲበላሽ ግን ወጪው የራስዎ ነው።

ጥያቄ፦ ሞደምና ራውተር በአንድ ላይ የያዘውን ልግዛ ወይስ ለየብቻ? ባለቤቴ ሁለት ዕቃ፣ ሁለት ገመድ፣ ሁለት መብራት ቤቱን ያዝረከርከዋል ትላለች።

መልስ፦ የባለቤትዎ ቅሬታ ተገቢ ቢሆንም እኛ የምንመርጠው ለየብቻ መግዛቱን ነው። ሞደም መቀመጥ ያለበት ኬብሉ ወደ ቤት በሚገባበት አካባቢ ነው፤ ዋይፋይ የሚያሰራጨው ራውተር ደግሞ ሰዎች በሚውሉበትና ወደ ቤቱ መካከል በሚጠጋ ቦታ። ሁለቱን በአንድ ዕቃ ስናዋሕድ ከሁለቱ አንዱ ያለ ቦታው ይቀመጣል፤ ብዙ ጊዜ የሚጎዳውም ዋይፋዩ ነው። በተጨማሪም የዋይፋይ ደረጃዎች ከዶክሲስ መመዘኛዎች ይልቅ በፍጥነት ስለሚለዋወጡ፣ አንድ ደህና ሞደም ሳይቀየር ሁለት ራውተሮች ሊፈራረቁበት ይችላሉ። የተዋሐደውን የያዘ ሰው ግን ዋይፋዩን ለማሻሻል ሲል ጤነኛ ሞደም ለመጣል ይገደዳል። ቤቱ ጠባብ ከሆነ፣ መሣሪያዎቹም ጥቂት ከሆኑና ቅንብር መነካካት የማትወዱ ከሆነ ግን የተዋሐደውን ብትመርጡ ስሕተት አይባልም።

ሁለት ነገሮችን ልብ ይበሉ። ብቻውን የሚሸጥ ሞደም ዋይፋይ የለውም፤ አብዛኛውን ጊዜም ለአንድ መሣሪያ ብቻ ኢንተርኔት ይሰጣልና ያለ ራውተር ለቤተሰብ አይበቃም። ራውተሩ ከውጭ የሚመጣ ያልተፈለገ ግንኙነትን የሚከላከል አጥር ስለሚሆን፣ ኮምፒውተርን በቀጥታ ከሞደሙ ጋር አገናኝቶ መኖርም አይመከርም። ሁለተኛው፣ ድርጅቱ የራሱን የተዋሐደ ዕቃ ተጠቀሙ ብሎ ካስገደደ በላዩ ላይ ሌላ ራውተር ከመቀጠልዎ በፊት ዕቃው እንደ ሞደም ብቻ እንዲሠራ ወደሚያደርገው «ብሪጅ ሞድ» ወደሚባለው አሠራር እንዲቀየርልዎ ይጠይቁ። አለበለዚያ ሁለቱም ዕቃዎች የአድራሻ ልውውጡን ለየራሳቸው እየሠሩ፣ በተለይ የኢንተርኔት ጨዋታና ከሩቅ የሚታዩ ካሜራዎች ይታወካሉ።

ጥያቄ፦ የነበረኝን ሞደም አስወግጄ ውድ የሆነ አዲስ የ3.1 ሞደም ገዛሁ። ውሌ 500 ሜጋቢት ነው፤ በስልኬ ስለካው ግን ከ90 እስከ 120 ይላል። በቪዲዮ ስብሰባ ላይም ሌሎቹን ጥሩ አድርጌ አያቸዋለሁ፤ እኔ ግን እቆራረጥባቸዋለሁ። ሞደሙ ብልሽት ይኖርበት ይሆን? ልመልሰው?

መልስ፦ ከመመለስዎ በፊት ይህን ይሞክሩ። በስልክዎ የለኩት የዋይፋዩን ፍጥነት ነው፤ ሞደሙ ስለሚያመጣው ፍጥነት የሚነግርዎት ነገር ትንሽ ነው። ኮምፒውተርዎን በኢተርኔት ገመድ ከራውተሩ ጋር አገናኝተው ደግመው ይለኩ። ውጤቱ ወደ 500 ከተጠጋ ሞደሙ ሥራውን እየሠራ ነውና መፍትሔው የራውተሩን ቦታ መቀየር ወይም ራውተሩን ማሻሻል ይሆናል።

በገመድም ለክተው 94 አካባቢ ላይ ከቆመና ከዚያ አልነቃነቅ ካለ፣ ያ ቁጥር ራሱ ምክንያቱን ይጠቁማል። የኢተርኔት ግንኙነት ወደ 100 ሜጋቢት ሲወርድ በተግባር የሚታየው ፍጥነት በዚያ አካባቢ ነው። ጊጋቢት ለማስተላለፍ በገመዱ ውስጥ ያሉት 4ቱም የሽቦ ጥንዶች ጤነኛ መሆን አለባቸው፤ ለ100 ሜጋቢት ግን 2 ጥንዶች ይበቃሉ። ስለዚህ አንድ ሽቦ የተቆረጠበት ገመድ ኢንተርኔቱን ሳያቋርጥ ፍጥነቱን ብቻ ሊገድብ ይችላል፤ ባለቤቱም ሞደሙን ይወቅሳል። ገመዱን መቀየር ቀላሉ ሙከራ ነው። አሮጌ ራውተር ወይም ኮምፒውተር ከ100 ሜጋቢት በላይ የማይሄድ መሰኪያ ያለው ከሆነም ውጤቱ ያው ነው። በነገራችን ላይ የአንድ ጊጋቢት መሰኪያ በተግባር የሚያሳልፈው 940 ሜጋቢት ያህል ስለሆነ፣ ከዚያ በላይ የሆነ ውል የሚገቡ አንባቢያን ሞደሙም ራውተሩም ባለ2.5 ጊጋቢት መሰኪያ እንዲሆኑ ይጠንቀቁ። አንዱ ብቻ ቢኖረው ጥቅም የለውም። ፋይል ሲያወርዱ ኮምፒውተሩ የሚያሳየው ቁጥርም ብዙ ጊዜ በሜጋባይት ነው፤ አንድ ባይት 8 ቢት ስለሆነ የ500 ሜጋቢት ውል የሚታየው እንደ 62 ሜጋባይት ገደማ ነው።

እነዚህ ሁሉ ተፈትሸው ችግሩ ካልተገኘ ወደ መስመሩ እንሄዳለን። ብዙዎቹ የኬብል ሞደሞች በኮምፒውተር የድረ ገጽ መቃኛ (ብራውዘር) ላይ 192.168.100.1 ተብሎ ሲጻፍ የሚከፈት ገጽ አላቸው፤ እዚያ የእያንዳንዱን ቻናል የሲግናል ጉልበት ያገኛሉ። በመግቢያው በኩል ጉልበቱ ከዜሮ በላይም ሆነ በታች በ7 ዴሲቤል ውስጥ ቢሆን መልካም ነው፤ ከ15 ካለፈ ከመመዘኛው ውጭ ነው። የሲግናሉ ከጫጫታው ያለው ብልጫ ከ33 ዴሲቤል በላይ ሊሆን ይገባል። ሞደሙ ወደ ውጭ የሚልክበት ጉልበት ደግሞ 50ን እየተጠጋ ከሆነ፣ ሞደሙ ለመሰማት ሲል በከፍተኛ ድምፅ እየጮኸ ነው ማለት ነው። ሊታረሙ ያልቻሉ ስሕተቶች በሚለው ዓምድ ያለው ቁጥር በየሰዓቱ እየጨመረ የሚሄድ ከሆነም ጥፋቱ በአብዛኛው በመስመሩ ላይ ነውና ሌላ ሞደም ቢገዙ አይስተካከልም።

ለዚህ ሁሉ የቤት ውስጥ ዋና ተጠያቂ ስፕሊተር ነው። ኬብሉን ለሁለት የሚከፍል ስፕሊተር በእያንዳንዱ ቅርንጫፍ ላይ 3.5 ዴሲቤል ያህል ይቀንሳል፤ ይህም ከጉልበቱ ከግማሽ በላይ ነው። ለአራት የሚከፍለው ወደ 7 ዴሲቤል ይወስዳል። በቀድሞ ነዋሪዎች ጊዜ ለየክፍሉ ቴሌቪዥን የተቀጠሉ ስፕሊተሮች ማንም ሳያስታውሳቸው ከግድግዳ ጀርባ ይቀራሉ፤ ሞደሙም የመጨረሻው ቅርንጫፍ ላይ ይንጠለጠላል። ኬብሉ ወደ ቤት እንደገባ አንድ ባለሁለት ስፕሊተር አድርገው፣ አንዱን ጫፍ በቀጥታ ለሞደሙ፣ ሌላውን ለቴሌቪዥኖቹ ቢሰጡ ብዙ ችግር ይቃለላል። ቴሌቪዥኑን በኬብል የማይመለከቱ ከሆነ ጭራሹን ስፕሊተር አያስፈልግዎትም። በእጅ የሚጠመዘዙትን መያያዣዎችም ጠበቅ ያድርጓቸው፤ የላላ መያያዣ የውጭ ጫጫታ ያስገባል፤ ጫጫታውም በመውጫው በኩል የጎረቤቶችን ግንኙነት ጭምር ያውካል።

ስብሰባ ላይ የሚቆራረጡት እርስዎ ብቻ መሆንዎ ጉድለቱ በሚወጣው መረጃ ላይ መሆኑን ያመለክታል። የኬብል ኢንተርኔት ትልቁ ድክመቱ ይህ ነው፣ ማስታወቂያዎችም ስለ እሱ ብዙ አይናገሩም። ለመውጫ የተመደበው ከኬብሉ ዝቅተኛ ድግግሞሾች ጠባብ ክፍል ሲሆን፣ በብዙ የቆዩ የሰሜን አሜሪካ መስመሮች ከ5 እስከ 42 ሜጋኸርዝ፣ በአውሮፓ ደግሞ እስከ 65 ሜጋኸርዝ ብቻ ነው። አንዳንድ አገልግሎት ሰጪዎች ይህን ወደ 85 ወይም ወደ 204 ሜጋኸርዝ እያሰፉት ነው፤ አዲሱን ቦታ መጠቀም የሚችለው ግን ለዚያ የተሠራ ሞደም ብቻ ነው። የ3.1 ሞደም ሁሉ እስከ 204 አይደርስምና ድርጅቱን «በእኔ አካባቢ የመውጫው ክልል እስከ ስንት ነው? ይህን ሞዴልስ በዚያ ላይ ታሠሩታላችሁ?» ብለው በቀጥታ ይጠይቁ። የውልዎን የመላኪያ ፍጥነትም ይመልከቱ፤ 500 የሚለው የሚገባውን ብቻ የሚመለከት፣ የሚወጣው ደግሞ 20 ብቻ ሊሆን ይችላል።

ጥያቄ፦ ልጆቼ የኢንተርኔት ጨዋታ ሲጫወቱ ፍጥነቱ በቂ ሆኖ ሳለ ድንገት ይዘገያል፤ አንዱም «ቺፑ መጥፎ ነው» ይላል። እውነት ሞደም በቺፕ ይመረጣል?

መልስ፦ ልጅዎ የሰማው ነገር መሠረት አለው። በ2016 መጨረሻ ላይ የኢንቴል ፑማ 6 ቺፕ ባለባቸው ሞደሞች ላይ መረጃው አልፎ አልፎ ለአፍታ የሚዘገይበት ጉድለት እንዳለ በይፋ ታወቀ። ድምር ፍጥነቱን ለሚለካ ሰው ሞደሙ ፍጹም ጤነኛ ይመስል ነበር፤ እያንዳንዱ ሚሊሰከንድ ለሚቆጠርበት ጨዋታና ለድምፅ ጥሪ ግን ችግሩ ጎልቶ ይታይ ነበር። ማሻሻያ ፈርምዌር (ሞደሙን የሚያሠራው በውስጡ የተጫነ ሶፍትዌር) ቢወጣለትም፣ ያገለገለ ሞደም የሚገዛ ሰው ፑማ 6 ያለበትን ቢያልፍ ይሻለዋል። ለአዲስ የ3.1 ሞደም ምርጫ ቺፕ መመርመር ያን ያህል አስፈላጊ ነው ብለን አናምንም።

ከቺፕ ይልቅ በየቤቱ የተለመደው መንስኤ ሌላ ነው። አንዱ የቤተሰብ አባል ብዙ ፎቶግራፍ ወይም ቪዲዮ ወደ ኢንተርኔት ሲጭን ጠባቡ መውጫ ይሞላል፤ ሞደሙ የተረፈውን መረጃ በውስጡ ያጠራቅመዋል፤ የጨዋታው ትንንሽ መልእክቶችም ከዚያ ሁሉ ኋላ ተሰልፈው ተራ ይጠብቃሉ። የዶክሲስ 3.1 መመዘኛ ሞደሙ ይህን ወረፋ በአግባቡ እንዲያስተዳድር ግዴታ አድርጎበታል፤ በ3.0 ሞደሞች ላይ ግን ይህን ማግኘት እርግጠኛ አይደለም። ጥርጣሬውን ለማረጋገጥ ኮምፒውተሩን በገመድ አገናኝተው በመጀመሪያ ምንም ሳይጫን፣ ከዚያ ትልቅ ፋይል ወደ ውጭ እየተላከ ፒንግ ያድርጉ፤ ይኸውም አንድ ትንሽ መልእክት ሄዶ ምላሹ እስኪመለስ የሚወስደውን ጊዜ መለካት ነው። የመጀመሪያው 20 ሚሊሰከንድ ሆኖ ሁለተኛው ብዙ መቶ ከደረሰ መንስኤውን አግኝተዋል። መስመሩን ሳይቀይሩ፣ የወረፋ አስተዳደር ያለው ራውተር ገዝቶ የመላኪያ ፍጥነቱን ከውሉ ጥቂት ዝቅ አድርጎ መገደብም ይረዳል።

ጥያቄ፦ አንድ ዘመዴ ቤት ሲቀይር የነበረውን ሞደም በርካሽ ሊሸጥልኝ ነው። ልውሰድ?

መልስ፦ ሞደሙ ከድርጅቱ የተከራየ ከሆነ ዘመድዎ የማይገባውን ነው የሚሸጥልዎ፤ አስመልሰው ይላኩት። የራሱ ንብረት ከሆነ ደግሞ ማክ አድራሻውን ጠይቀው ለድርጅትዎ ይደውሉና ይህ ቁጥር በሌላ ደንበኛ ስም ተመዝግቦ እንደሆነ፣ ያልተከፈለ ዕዳም ካለበት ይጠይቁ። በሌላ ሰው ስም ተመዝግቦ የቀረ ሞደም የቀድሞው ባለቤት ራሱ ደውሎ እስኪያስለቅቀው ድረስ ላይመዘገብልዎ ይችላል። ሞዴሉ በወቅቱ ዝርዝር ላይ መኖሩን ያረጋግጡ፤ ዘመድዎ በሌላ ድርጅት ይገለገል ከነበረ የእሱ ዝርዝር ለእርስዎ አይጠቅምም። በእጅዎ ሲይዙትም አየር ማስገቢያዎቹ በአቧራ የተደፈኑ ከሆነ ለብዙ ዓመታት በሙቀት ሲሠራ ኖሯልና ዋጋውን እንደዚያው ይገምቱ።

ጥያቄ፦ በሰፈራችን ፋይበር ሊገባ ነው ይባላል። አሁን የምገዛው የኬብል ሞደም ያን ጊዜ ይሠራልኛል?

መልስ፦ አይሠራም። ፋይበር እስከ ቤት ሲገባ ብርሃኑን ተቀብሎ ወደ ኤሌክትሪክ ምልክት የሚለውጥ ሌላ ዕቃ ያስፈልጋል፤ እሱንም የሚያቀርበው በአብዛኛው ድርጅቱ ነው። በስልክ ሽቦ ለሚመጣ ኢንተርኔትም የኬብል ሞደም አይሆንም። ፋይበሩ በእርግጥ የቅርብ ጊዜ ጉዳይ ከሆነ ኪራዩን መቀጠል ብልህነት ነው። ለብቻው የገዙት ራውተር ግን ወደ ፋይበሩም አብሮዎት ይሻገራል፤ ይህም ለየብቻ መግዛትን የሚደግፍ ሌላ ምክንያት ነው።

ጥያቄ፦ የቤት ስልኬም በዚሁ ኬብል ነው የሚመጣው። ማንኛውም ሞደም ይሆናል?

መልስ፦ አይሆንም፤ የስልክ መሰኪያ ያለውና ድርጅቱ ለስልክ አገልግሎት የፈቀደው መሆን አለበት፤ ይህኛው ዝርዝር ደግሞ ከኢንተርኔቱ ብዙ ያጠረ ነው። አንዳንድ ድርጅቶች ለስልክ ደንበኞች የራሳቸውን ሞደም ብቻ ይሰጣሉ። መብራት ሲጠፋ ሞደሙ አብሮ ስለሚጠፋ ስልኩም ዝም ይላል፤ በቤቱ ሕመምተኛ ወይም አረጋዊ ካለ የመጠባበቂያ ባትሪ ማስገቢያ ያለውን ይምረጡ።

ጥያቄ፦ የራሴን ሞደም ገዝቻለሁ፤ ፈርምዌሩን ለማደስ ብፈልግ ግን ቅንብሩ ውስጥ ምንም ቁልፍ አላገኘሁም።

መልስ፦ የማያገኙትም ስለሌለ ነው። የኬብል ሞደም ፈርምዌር፣ ሞደሙ የእርስዎ ንብረት ቢሆን እንኳ፣ የሚታደሰው በአገልግሎት ሰጪው በኩል በኬብሉ ነው። ይህ አሠራር ለአንዳንዶች ባይጥምም ምርጫዎን የሚነካ ትርጉም አለው። በጥር 2020 የዴንማርክ ተመራማሪዎች «ኬብል ሆንት» ብለው የሰየሙትን፣ ብሮድኮም ቺፕ ባለባቸው ብዙ ሞደሞች ላይ የተገኘ የደኅንነት ቀዳዳ ይፋ ሲያደርጉ፣ ባለቤቶቹ ሊያደርጉት የሚችሉት ነገር ጥቂት ነበር፤ ማስተካከያውን ለየሞደሙ መላክ የነበረባቸው አገልግሎት ሰጪዎቹ ናቸው። ድርጅቱ በዝርዝሩ ላይ ያሰፈረውና ብዙ ደንበኞቹ የያዙት ሞዴል እንዲህ ያለ ማሻሻያ በቶሎ የማግኘት ዕድሉ የተሻለ ነው። ብርቅ የሆነ ሞዴል መያዝ በዚህ በኩል ጥቅም የለውም። ራውተሩን ግን የሚያድሱት እርስዎ ነዎትና እሱን አይርሱት።

ጥያቄ፦ ዶክሲስ 4.0 ይመጣል እየተባለ ነውና ብጠብቅ ይሻላል? ካልሆነ ዛሬ ገዝቼ ስገባ ከየት ልጀምር?

መልስ፦ የ4.0 መመዘኛ ወደ ቤት የሚገባውን እስከ 10 ጊጋቢት፣ ከቤት የሚወጣውን እስከ 6 ጊጋቢት ለማድረስ የተነደፈ ነው። ይህ የሚገኘው ግን አገልግሎት ሰጪው በየመንገዱ ያሉትን መሣሪያዎቹን ሲቀይር ነው፤ ወደ 4.0 የተሻገረ መስመርም የ3.1 ሞደሞችን ማስተናገዱን ይቀጥላል። ድርጅትዎ በአካባቢዎ የ4.0 ውል እየሸጠ ካልሆነ በስተቀር መጠበቁ አያስፈልግም።

ሞደሙ ቤት ሲገባ ማክ አድራሻውንና መለያ ቁጥሩን ከጀርባው ላይ ፎቶግራፍ ያንሱ፤ ከተሰካ በኋላ አዙሮ ማንበቡ ያስቸግራል። አሮጌውን ነቅለው አዲሱን ከኬብሉና ከመብራቱ ጋር ያገናኙ፣ መብራቶቹ እስኪረጉ ይጠብቁ፣ ከዚያ በድርጅቱ መተግበሪያ ወይም በስልክ ያስመዝግቡ። በመጀመሪያው ጊዜ ፈርምዌሩ ሊታደስ ስለሚችል ደጋግሞ ሲጠፋና ሲበራ ቢያዩ አይንቀሉት። ኢንተርኔቱ ከገባ በኋላም ራውተሩ ካልተቀበለው ሞደሙን አጥፍተው እንደገና ያብሩት፤ ሞደሙ መጀመሪያ ያየውን አንድ መሣሪያ ብቻ ስለሚያስታውስ ኮምፒውተርዎን ነቅለው ራውተሩን ሲሰኩ እንዲህ ያደርጋል። ኪራይ የነበረውን ሞደም ከነኃይል ገመዱ ለድርጅቱ ያስረክቡና መለያ ቁጥሩ የተጻፈበት ደረሰኝ ይቀበሉ። በሚቀጥሉት ሁለት ወራት ሂሳብ ላይም ኪራዩ በእርግጥ መነሣቱን ይመልከቱ።